የደም ግፊት መድኃኒት በነፃ ይሰጥ ከሚል የፖሊሲ ሐሳብ እስከ ረቂቅ አዋጅ፦ ወጪው ከአንቀጹ ጋር ይጻፋል

ጥያቄ፦ «የጤና ባለሙያዎች ማኅበር አባል ነኝ። ማኅበራችን የደም ግፊት ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በነፃ እንዲያገኙ የሚጠይቅ፣ 12 የውሳኔ ሐሳቦች ያሉት ሰነድ አዘጋጅቷል። አንድ የምክር ቤት አባል ሐሳቡን ወደውት በረቂቅ አዋጅ መልክ ከወጪ ግምቱ ጋር እንድናቀርብላቸው ጠይቀውናል። ያሰብነው እያንዳንዱን የውሳኔ ሐሳብ ወደ አንድ አንቀጽ መለወጥና የታካሚዎችን ቁጥር በመድኃኒቱ ዓመታዊ ዋጋ አባዝተን ወጪውን ማሳየት ነው። ስትሮክና የኩላሊት ሕመም ስለሚቀንሱ ሕጉ ወጪውን ራሱ እንደሚመልስም በረቂቁ መግቢያ ላይ ልንጽፍ ነው። አካሄዳችን ትክክል ነው?»

ሦስቱም ሐሳቦች መታረም አለባቸው። አንድ የውሳኔ ሐሳብ አንድ አንቀጽ አይሆንም። የታካሚ ቁጥር በዋጋ ሲባዛ የሚወጣው አሃዝ ሕጉ በመንግሥት ላይ የሚያስከትለውን ወጪ አያሳይም። መከላከል ወጪውን ይመልሳል የሚለው አባባልም፣ ብዙ ሰው የሚያምንበት ቢሆንም፣ ማስረጃው በአብዛኛው አይደግፈውም። ከሁሉም ሥር ያለው ስህተት ግን ሌላ ነው፤ የወጪ ግምቱን ረቂቁ ካለቀ በኋላ የሚያያዝ አባሪ አድርጋችሁ ይዛችሁታል። ግምት የሚሠራው ለሐሳብ ሳይሆን ለተጻፈ ቃል ስለሆነ አንቀጽ ሳይኖር ግምት የለም፤ ግምቱ ታይቶ ያልተስተካከለ አንቀጽም ገና አላለቀም። ሁለቱ እየተመላለሱ አብረው መጻፍ አለባቸው።

ከአንቀጹ ልጀምር። የፖሊሲ ሰነድ ምን ቢደረግ እንደሚበጅ ይናገራል፤ ሕግ ደግሞ ማን ለማን ምን የማድረግ ግዴታ እንዳለበት፣ ማን ምን የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ ግዴታው ሳይፈጸም ሲቀር ምን እንደሚከተል ይደነግጋል። «የመድኃኒት አቅርቦት ይጠናከራል»፣ «ለባለሙያዎች ተከታታይ ሥልጠና ይሰጣል»፣ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይዳብራል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች በፖሊሲ ሰነድ ውስጥ ቦታ አላቸው፤ በአዋጅ ውስጥ ግን ባለቤት የሌላቸው ግሦች ናቸው። የሚያጠናክረው ማን ነው? ባያጠናክርስ ማን ይጠይቀዋል? ከ12ቱ የውሳኔ ሐሳቦቻችሁ መካከል በእርግጥ ሕግ የሚያስፈልጋቸው ከአራት ወይም ከአምስት ይበልጣሉ ብዬ አልገምትም። ሥልጠና፣ ቅስቀሳና የሕክምና መመሪያን ማሻሻል ሥልጣኑ አስቀድሞ በእጁ ያለ የጤና አስተዳደር በራሱ ውሳኔና በዓመታዊ በጀቱ ሊፈጽማቸው የሚችላቸው ናቸው። ሕግ የማያስፈልገውን ነገር አዋጅ ውስጥ መክተት ጉዳት የሌለው ጌጥ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሳይንሱ ሲለወጥ አንድ የሕክምና መስፈርት ለማረም ምክር ቤቱን መጠበቅ ግድ ይሆናል።

በአንጻሩ «የደም ግፊት መድኃኒት በነፃ ይሰጥ» የሚለው አንዱ ሐሳብ ብቻውን ስምንት ወይም ዘጠኝ አንቀጽ ይወልዳል። መብቱን የሚሰጥ፣ ቃላቱን የሚተረጉም፣ መድኃኒቱን የመስጠት ግዴታ ያለበትን ተቋም የሚለይ፣ ለዚያ ተቋም ማን፣ በምን ተመንና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚከፍል የሚወስን፣ የገንዘቡን ምንጭ የሚያመለክት፣ ሐሰተኛ የክፍያ ጥያቄ ሲቀርብ የሚወሰደውን እርምጃ የሚደነግግ፣ ዝርዝሩን በደንብና በመመሪያ ለማውጣት ሥልጣን የሚሰጥ፣ ከነባሩ አሠራር ወደ አዲሱ የሚያሸጋግር፣ በመጨረሻም አዋጁ የሚጸናበትን ቀን የሚወስን ድንጋጌ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ውስጥ ጀማሪ አርቃቂዎች ዘወትር የሚረሱት የክፍያውን ጊዜ ነው። በጋና በ2003 በወጣ ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የጤና መድን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሕክምና ተቋማት የሚከፍለው ገንዘብ መዘግየቱ ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ የዘገየበት ፋርማሲ በሕግ ነፃ የተባለውን መድኃኒት «አልቋል» ማለት ይጀምራል፤ የታካሚው መብትም በወረቀት ላይ ይቀራል።

ትልቁ ፍልሚያ ግን ትርጓሜው ላይ ነው። «ታካሚ» ማለት ዜጋ ብቻ ነው ወይስ ማንኛውም ነዋሪ? በተደጋጋሚ ተለክቶ ሕመሙ በሐኪም የተረጋገጠለት ነው ወይስ አንድ ቀን ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘ ሁሉ? «መድኃኒት» ማለት በዝርዝር የሰፈሩ ጀኔሪክ መድኃኒቶች (የፈጠራ መብታቸው ስላለፈ ማንኛውም አምራች በርካሽ የሚያቀርባቸው) ናቸው ወይስ ሐኪሙ ያዘዘው ማንኛውም ምርት? «በነፃ» ሲባል የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ የካርዱም፣ የላቦራቶሪውም ጭምር? ከዓመታት በፊት በተሳተፍኩበት አንድ ረቂቅ ላይ «የቤተሰብ አባላት» የሚለውን ሐረግ ማናችንም አልተረጎምነውም ነበር። ግምት የሠራው ቡድን ባልን፣ ሚስትንና ልጆችን ቆጥሯል፤ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ደግሞ አዛውንት ወላጆችንም ጨምሮ ነበር ያሰበው። ልዩነቱ የታወቀው ረቂቁ ለውይይት ከቀረበ በኋላ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጠረጴዛው ዙሪያ ግምታችንን ያመነ ሰው አልነበረም፣ ትክክል የነበረውን ክፍል ጨምሮ።

አንድ ሐረግ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአደባባይ የታየው በአሜሪካ ነው። በ2010 የወጣውና ከ900 በላይ ገጾች ያሉት የጤና መድን ማሻሻያ ሕግ፣ የመድን መግዣ ድጎማ የሚሰጠው «በክፍለ ግዛቱ በተቋቋመ» የመድን ገበያ ለገዙ ሰዎች እንደሆነ የሚገልጽ አነጋገር ነበረበት። ከ30 በላይ ክፍለ ግዛቶች ግን የራሳቸውን ገበያ ሳያቋቁሙ የፌዴራሉን መጠቀም መረጡ። በእነዚህ ክፍለ ግዛቶች የሚኖሩ ሚሊዮኖች ድጎማ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው ክርክር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ፣ በሰኔ 2015 በ6 ለ3 ድምፅ ይገባቸዋል ተብሎ ተወሰነ። ዳኞቹ የሕጉን አጠቃላይ ዓላማ ተመልክተው አዳኑት እንጂ ቃሉን ብቻ ቢያነቡ ኖሮ የመርሐ ግብሩ ትልቅ አካል ይፈርስ ነበር። ይህ የሆነው ሙያተኛ አርቃቂዎች ባሉበት ምክር ቤት መሆኑን ልብ ይሏል።

በአዋጁ ውስጥ ምን ይቀመጥ፣ ምን ወደ በታች ሕግ ይውረድ ለሚለው የኔ አቋም ይህ ነው፦ መብቱ፣ የተጠቃሚው ወሰንና የገንዘቡ ምንጭ በአዋጁ ይስፈሩ፤ የመድኃኒቱ ዝርዝር፣ ተመኑና የምዝገባው ሥርዓት በደንብና በመመሪያ ይውጡ። ታይላንድ በ2002 ባወጣችው የጤና ዋስትና ሕግ የተከተለችው ከዚህ የተቀራረበ መንገድ ነው። ሕጉ መብቱንና ፈንዱን አቋቋመ፤ ለአንድ ተመዝጋቢ በነፍስ ወከፍ የሚመደበው ገንዘብ ግን በየዓመቱ በበጀት ይወሰናል። መጀመሪያ ላይ በነፍስ ወከፍ 1,202 ባት ነበር፤ ታካሚው ደግሞ በአንድ ጉብኝት 30 ባት ይከፍል ነበር። የነፍስ ወከፉ ተመን በሕጉ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ያረጅ ነበር። የተጠቃሚውን ወሰን ወደ መመሪያ ማውረድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ጊዜ የሕጉን ወጪ የሚወስነው ምክር ቤቱ ሳይሆን መመሪያውን የሚፈርመው ባለሥልጣን ይሆናል፤ ማንም በታማኝነት ሊገምተው አይችልም።

የግሡ ቅርጽም ወጪ ነው። «መንግሥት ይከፍላል» ሲል መብት ይፈጠራል፤ ታካሚው በበዛ ቁጥር ወጪው ያለ ገደብ ይከተላል። «መንግሥት ሊከፍል ይችላል» ሲል መብት አይፈጠርም፤ በወረቀት ላይም ወጪ የለም፤ ደጋፊዎቻችሁ ግን ያሸነፉ መስሏቸው ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በመካከል ያለው «ለዚሁ በተፈቀደው በጀት መጠን ይከፍላል» የሚለው ነው። ይህ ወጪውን ይገድባል፤ ነገር ግን ገንዘቡ በበጀት ዓመቱ አጋማሽ ቢያልቅ ማን ቅድሚያ ያገኛል የሚለውን ካልመለሰ ቀድሞ የተሰለፈውን ይጠቅማል፤ ቀድሞ የሚሰለፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጣም የታመመው አይደለም። ሦስቱም ሕጋዊ አማራጮች ናቸው። ሦስቱን በአንድ ረቂቅ ውስጥ ማደባለቅ ግን አይቻልም፤ በደረሱኝ የማኅበራት ረቂቆች ውስጥ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው።

ወደ አሃዙ ከመግባቴ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በብዙ አገሮች አንድ የምክር ቤት አባል ወጪ የሚያስከትል ሕግ በግሉ የማመንጨት ሥልጣን የለውም ወይም ሥልጣኑ የተገደበ ነው። የ1958 የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመንግሥትን ገቢ የሚቀንስ ወይም ወጪውን የሚጨምር የአባላት ሐሳብ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። በደቡብ አፍሪካ ግብርና በጀት ነክ ሕግ ማቅረብ የሚችለው የፋይናንስ ጉዳይ ኃላፊው የካቢኔ አባል ብቻ ነው። በግንቦት 2024 የተፈረመው የዚያች አገር ብሔራዊ የጤና መድን ሕግ ራሱ አዲሶቹን ግብሮች ወደፊት ለሚወጣ የገንዘብ ሕግ ትቷቸዋል። ስለዚህ ሐሳቡን የወደዱት የምክር ቤት አባል ረቂቁን ራሳቸው ማቅረብ ይችሉ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። የማይችሉ ከሆነ ሰነዳችሁ መጻፍ ያለበት ለመንግሥት የሕግ አርቃቂ በሚቀርብ የማርቀቅ መመሪያ (ሕጉ ምን እንዲደነግግ እንደሚፈለግ በተራ ቋንቋ የሚገልጽ ሰነድ) መልክ ነው፤ በውብ የሕግ ቋንቋ የተጻፈ ረቂቅ የትም አይደርስም።

አሁን ወደ ማባዛቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑትና የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች 46 በመቶው ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር፤ ታውቆላቸው ሕክምና ላይ የነበሩት 42 በመቶ፣ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ደግሞ 21 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ይዘን ለማስረዳት ብቻ የተፈጠረ አሃዝ እንውሰድ። 1,000,000 የደም ግፊት ሕሙማን ያሉበት አገር አለ፤ መድኃኒቱ ለአንድ ሰው በዓመት 1,000 የገንዘብ አሃድ ያስወጣል፤ የሐኪም ክትትልና የላቦራቶሪ ምርመራ ደግሞ 600። በእናንተ አሠራር የሕጉ ወጪ በየዓመቱ 1,000 ሚሊዮን ይሆናል። አሁን በትክክለኛው መንገድ እንሂድ። ዛሬ ሕክምና ላይ ያሉት 420,000 ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ 120,000ው ቀድሞውኑ በሌላ መርሐ ግብር በመንግሥት ወጪ ይታከማሉ እንበል። ሕጉ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ክፍያው ስለተነሳ ብቻ ታካሚው ወደ 460,000 ከፍ ቢል፣ ጠቅላላው ወጪ 736 ሚሊዮን ነው። ሕጉ ባይወጣም መንግሥት ሊያወጣው የነበረው 192 ሚሊዮን ከዚህ ይቀነሳል። የሕጉ ወጪ 544 ሚሊዮን ሆነ ማለት ነው፤ እናንተ ልትጽፉት ከነበረው ግማሽ ያህል።

አትደሰቱ። በአምስተኛው ዓመት ምርመራው ተስፋፍቶ ታካሚው 650,000 ቢደርስና ዋጋው በየዓመቱ 8 በመቶ ቢጨምር፣ ሕጉ የሚያስከትለው የተጣራ ወጪ 1,154 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ያው የእናንተ አሃዝ ለመጀመሪያው ዓመት እጅግ ይበዛል፣ ለአምስተኛው ያንሳል፤ በአንዱም ዓመት ልክ አይደለም። የተጋነነው አሃዝ የገንዘብ ሚኒስቴሩን ገና በመግቢያው ያስደነግጠዋል፤ ያነሰው ደግሞ በኋላ ዘመን ሕጉን ለማፍረስ ምክንያት ይሆናል።

ይህ ስሌት ማባዛት ፈጽሞ የማያሳየውን ሌላ ነገርም ያሳያል። በመጀመሪያው ዓመት ከሚወጣው 544 ሚሊዮን ውስጥ 480 ሚሊዮኑ ቀድሞ ከኪሳቸው ሲከፍሉ ለነበሩ 300,000 ሰዎች የሚውል ነው፤ አዲስ ሕክምና ያገኙት 40,000 ሰዎች የሚወስዱት 64 ሚሊዮኑን ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ አብዛኛው ከቤተሰብ ኪስ ወደ መንግሥት በጀት የተዛወረ ሸክም እንጂ አዲስ ጤና አይደለም። ሸክምን ከድሃ ቤተሰብ ላይ ማንሳት ራሱን የቻለ ተገቢ ዓላማ ነው፤ ዓላማው ይህ ከሆነ ግን በግልጽ ይጻፍ፤ «የሕሙማንን ሕይወት መታደግ» በሚል ስም አይሸፈን። ዓላማችሁ ሕክምና ያላገኙትን መድረስ ከሆነ፣ ያው ገንዘብ በምርመራና በክትትል ላይ ቢውል የተሻለ ሊሠራ እንደሚችል አሃዙ እየነገራችሁ ነው።

አንድ ቃል ስንት እንደሚያወጣ ደግሞ እዚሁ ላይ እንይ። አንቀጹ «መድኃኒት» ብቻ ቢል የመጀመሪያው ዓመት ወጪ 340 ሚሊዮን ነው። «መድኃኒትና ተያያዥ ክትትል» ቢል 544 ሚሊዮን ነው። በሁለት ቃላት የተለወጠው 204 ሚሊዮን ነው። በእኔ አስተያየት ያለ ክትትል የተሰጠ የግፊት መድኃኒት ብዙም ስለማይፈይድ ሁለተኛው አጻጻፍ ይሻላል፤ ነገር ግን «ተያያዥ» የሚለው ቃል ራሱ በዓመት ስንት ጉብኝትና የትኞቹ ምርመራዎች እንደሆኑ ካልተወሰነ በስተቀር ግምቱ እንደገና ክፍት ይሆናል። ረቂቁና ግምቱ አብረው ይጻፉ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍያ ሲነሳ ተጠቃሚው ይጨምራል የሚለው ግምት ከአየር የመጣ አይደለም። ከ1974 እስከ 1982 በአሜሪካ ራንድ የተባለ የምርምር ተቋም ባካሄደው ሙከራ ቤተሰቦች በዕጣ ወደተለያዩ የመድን ዓይነቶች ተመድበው ነበር፤ ከፍተኛውን ድርሻ ራሳቸው እንዲከፍሉ የተደረጉት በነፃ ከታከሙት ወደ 30 በመቶ ያነሰ የሕክምና ወጪ አስከተሉ። ለአብዛኞቹ ሰዎች በጤናቸው ላይ የታየ ልዩነት አልነበረም። የተለየው ቡድን የእናንተ ነው፤ የደም ግፊት ያለባቸው ድሆች በነፃ ሲታከሙ ግፊታቸው በተሻለ ሁኔታ ተስተካክሏል። ከመከላከል የሚገኘውን ቁጠባ ለማስረዳት ከምትደክሙ ይልቅ የረቂቁ ማብራሪያ ላይ ይህን አስፍሩ።

ቁጠባውን በተመለከተ በመግቢያው ላይ ልታኖሩት ያሰባችሁትን ዓረፍተ ነገር አውጡት። በ2008 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና ጆርናል የታተመ ጥናት በርካታ የወጪና ጥቅም ንጽጽሮችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ወጪን በእርግጥ የሚቀንሱት የመከላከያ እርምጃዎች ከ20 በመቶ በታች ሆነው ተገኝተዋል። የአሜሪካ ምክር ቤት የበጀት ጽሕፈት ቤትም በ2009 ለሕግ አውጪዎቹ በጻፈው ደብዳቤ የመከላከል አገልግሎትን ማስፋት በአብዛኛው አጠቃላይ ወጪን እንደሚጨምር አስታውቋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስትሮክ የሚይዘው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ስለማይታወቅ አንድን ስትሮክ ለማስቀረት ብዙ ሰዎችን ለዓመታት ማከም ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ የሚከፈለው ዛሬ ነው፣ የሚቀረው ስትሮክ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። መከላከል ጥሩ የሚሆነው ሕይወትን በተመጣጣኝ ዋጋ ስለሚያተርፍ ነው። ገንዘብ ይመልሳል ተብሎ የጸደቀ ሕግ ገንዘቡን ሳይመልስ ሲቀር፣ ያተረፈውን ሕይወት የሚቆጥርለት አይኖርም።

የግምቱ ዘመንም ለማታለል የተመቸ ነው፤ ሳታስቡት ራሳችሁን እንዳታታልሉ ተጠንቀቁ። በዚያው በ2010ሩ የአሜሪካ ሕግ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚሆን በፈቃደኝነት የሚገባበት መድን ተካትቶ ነበር። አባላት ጥቅም ማግኘት የሚጀምሩት ለአምስት ዓመት መዋጮ ከከፈሉ በኋላ ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ገቢው ከወጪው በልጦ ወደ 70 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቁጠባ ሆኖ ተመዘገበ። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ የታየው የጊዜ መስኮት ነው የጠበበው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያለው ሲታይ መርሐ ግብሩ በራሱ መቆም እንደማይችል ታወቀ፤ በጥቅምት 2011 የጤና ሚኒስቴሩ ሥራ ላይ ማዋል እንደማይቻል አስታወቀ፣ በ2013 መጀመሪያም ተሻረ። የእናንተ ረቂቅ ደረጃ በደረጃ የሚጀምር ከሆነ ይኸው ወጥመድ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ከዓመታቱ ድምር አጠገብ መርሐ ግብሩ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ በዋለበት አንድ ዓመት የሚያስወጣውን ለብቻው አሳዩ።

ግምት ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም በሐቀኝነት መነገር አለበት፤ ስህተቱም ወደ አንድ ወገን ብቻ አያደላም። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በሐምሌ 5 ቀን 1948 ሲጀመር ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ የመጣው ፍላጎት ከታሰበው እጅግ በልጦ ነበር፤ በ1951 በእነዚሁ ላይ ክፍያ ሲጣል አገልግሎቱን የመሠረተው አኑሪን ቤቫን ከመንግሥቱ ለቀቀ። በ1956 ሪፖርቱን ያቀረበው አጣሪ ኮሚቴ ግን የአገልግሎቱ ወጪ ከአገራዊ ምርቱ አንጻር ከ3.75 በመቶ ወደ 3.25 በመቶ እንደወረደ አሳየ። በሌላ በኩል አሜሪካ በ2003 ለአዛውንቶች የመድኃኒት ሽፋን ስትፈቅድ የምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት ለአሥር ዓመት 395 ቢሊዮን ዶላር፣ የአስፈጻሚው አካል አክቿሪ (የመድን ወጪን የሚያሰላ ባለሙያ) ደግሞ 534 ቢሊዮን ገምተው ነበር። የተመዘገበው ሰው ከታሰበው አንሶ፣ ርካሽ ጀኔሪኮችም በፍጥነት ተስፋፍተው፣ የወጣው ገንዘብ ከሁለቱም ግምቶች በታች ሆነ። ስለዚህ አንድ አሃዝ ሳይሆን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ግምት አቅርቡ፤ አሃዙን በብዛት የሚያወዛውዘው የትኛው መነሻ እንደሆነም ለይታችሁ ጻፉ። በእናንተ ጉዳይ ይህ የመድኃኒቱ ዋጋ ሳይሆን የአዲስ ታካሚው ብዛት እንደሚሆን እገምታለሁ።

ገንዘብ የማይፈታው ነገርም አለ። ከላይ ያለው ስሌት 650,000 ሰው ለመከታተል በቂ ሐኪም፣ ነርስና ፋርማሲስት አለ ብሎ ነው የሚነሳው። ከሌለ ወጪው ከተገመተው ያነሰ ሆኖ ይመዘገባል፤ ወረፋው ግን ይረዝማል፤ ዝቅ ያለውን አሃዝ እንደ ውጤት የሚያነብ አይጠፋም። በግምቱ ውስጥ የምዝገባን፣ የክፍያ ማጣራትንና የቁጥጥርን ወጪ አትርሱ፤ ማኅበራት እነዚህን ወጪዎች ዜሮ ያደርጓቸዋል፣ ባለሙያ ገምጋሚ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው እነሱን ነው።

እንግዲህ የማሳስበው እንዲህ ነው። አንቀጽ መጻፍ አቁሙና ከሁለት ገጽ ያልበለጠ የማርቀቅ መመሪያ አዘጋጁ፤ ማን መብት እንዳለው፣ ለምን አገልግሎት፣ በየትኛው ተቋም፣ በማን ከፋይነት፣ ከየትኛው የገንዘብ ምንጭ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሳይፈጸም ሲቀር አቤቱታው ወዴት እንደሚሄድ በተራ ቋንቋ ይመልስ። መብቱን በዝርዝር በሚወጡ ጀኔሪክ መድኃኒቶችና በዓመት በተወሰነ የክትትል ቁጥር አጥብቡት። በጀት ሲያልቅ በሚቆም ሳይሆን በተጠቃሚው ወሰን በሚገደብ መብት ጀምሩ፤ በመጀመሪያ ስትሮክ ያጋጠማቸውንና ከግፊቱ ጋር የስኳር ሕመም ያለባቸውን፣ ከዚያ በአዋጁ በተጻፉ ቀናት ቀሪዎቹን አስገቡ። በሦስተኛው ዓመት ትክክለኛው ወጪ ከግምቱ ጋር ተነጻጽሮ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ የሚያስገድድ አንቀጽ ጨምሩ። የማርቀቅ መመሪያውን ይዛችሁ አንድ የሕግ አርቃቂና የመድኃኒት ግዥ በጀትን በተግባር የሚያውቅ አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጡ፤ አርቃቂው አንድ ቃል ባስገባ ቁጥር ሌላው ስንት ሰው እንደሚጨምር ይናገር። መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ካለ በረቂቁ ውስጥ ቦታው ክፍት ሆኖ ከአማራጮቹና ከየአማራጩ ወጪ ጋር ይቀመጥ፤ የምክር ቤት አባሉ የሚወስኑት እሱን ነው።